መቅዳት

ረሖቮት ከተማ፣ ከጫማ ሰፊ ጎን፣
ሱቅ ነበረችኝ ጠባብ፣ ሁለት ክንድ የማትሆን።
ሰባት አፍ ያለው ሣጥን ከጥጉ ተገትሮ፣
አንዷን ዲስክ ሲጎርስ ሰባት ይተፋል ዞሮ።
ዘፈኑ፣ ድራማው፣ ዊንዶውስ፣ የሕፃናት ፊደል ገበታ፣
አምስት አምስት ሸቀል፣ ከጧት እስከ ማታ።
ሐሙስ ሠርግ ያለበት ረቡዕ ይመጣል፣
«ያቺን አዲሷን» ብሎ ሳንቲሙን ያወጣል።

የእህቴ ልጅ ኢታይ፣ ፕሮግራም የሚጽፈው፣
ቆሞ አየኝ፣ አየኝና፣ «አጎቴ፣ ይሄ ስርቆት ነው»
አለኝ በዕብራይስጥ፤ ሲቆጣ አማርኛው ያልቃል።
እኔ ሳቅሁ። ይሄ ልጅ ላም አይቶ መች ያውቃል?

«ስርቆትማ» አልኩት፣ «ላም ፈትቶ መንዳት ነው፤
በረቱ ባዶ ሲያድር፣ ጥጃው ሲያነባ ነው።
እኔ ብቀዳበት ከሱ ምን ጎደለ?
ዜማው ካንደበቱ፣ ዲስኩ ከቤቱ አለ።
ልብ በል ቃሉን ራሱን፤ ውኃም ዘፈንም ነው የሚቀዳ፤
እንስራ ሞልታ የሄደች ለምንጩ ምን አለባት ዕዳ?»

«ምንጭ» አለ ኢታይ፣ «ኪራይ አይከፍልም፤
ምንጭ ልጅ አያሳድግ፣ ምንጭ አይርበውም።
እኛ ቢሮ፣ ስድስት ሆነን፣ ሁለት ዓመት የጻፍነው
በወጣ በሳምንቱ በነፃ ነበር የተበተነው።
ሁለቱ ከሥራ ወጡ። አለቃችን ‹ይቅርታ› አለ።
ማንም ላም አልነዳብን። በረቱ ግን ባዶ ዋለ።»

እዚህ ላይ አባቴን አመጣሁበት።

«አያትህ ይኅደጎ፣ ወገራ፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ፣
ሦስት ክረምት ሙሉ ከመቃው ጋር ኖሮ፣
ኦሪት ሲገለብጥ ማንን አስፈቀደ?
ለሙሴ ስንት ከፈለ? የትኛው ዳኛ ፈረደ?
ተባረክ ነው ያሉት።»
                    ልጁ ዝም አለ።
ረታሁት። ሣጥኔም ሰባቱን ተፋ፣ እልል ያለ መሰለ።

በጥር ዝናብ አንድ ቀን፣ የሱፐርማርኬት ዘበኛ፣
ጎኑ ላይ ሬዲዮ ያሰረ፣ ጺሙ የሸበተ፣ ዝምተኛ፣
ገባና ጠየቀኝ፦ «የጀምበሩ አስረስ፣ ቁጥር ሁለቱ አለህ ወይ?»
«ማን?» አልኩት እኔ፤ ስም አይጻፍም ዲስኬ ላይ፤
«ምርጥ የሠርግ ሰባት» ነው በቀይ ብዕር የጻፍኩት።
«እስቲ ዜማውን» አልኩት።
አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንድ ስንኝ አንጎራጎረ፤
ድምፁን አወቅሁት። እጄ ዲስኩ ላይ ቀረ።
ስንቴ ሰምቼዋለሁ ከዚያ ሣጥን ሆድ ሲወጣ፣
መልኩ ግን እንግዳ ነው፣ ከዝናብ ውስጥ የመጣ።

«ጀምበሩ አንተ ነህ?»
«ነበርኩ» አለ። «ቤት ስንቀይር ጠፋ ያለኝ ሁሉ፤
ልጄን ልድራት ነው፤ ‹ያንተን አምጣ› አሉ።»
አሥር ሸቀል አኖረ።
«ውሰደው፣ ያንተ ነው» አልኩት፤ አልሰማኝም።
«እኔ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሌባ አይደለሁም።»
መልሱን ሳይቀበል ወጣ።

ሌሊት፣ ሱዳንን አብሮን የተሻገረውን ኦሪት ከጨርቁ ፈታሁት፤
ከመጨረሻው ቅጠል ላይ፣ አባቴ የጻፈውን አነበብኩት፦
ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ለይኩን።
የሰረቀው፣ የፋቀውም፣ የተወገዘ ይሁን።
ከሥሩ የገልባጩ ስም አለ፤ ከሱም ከፍ ብሎ የመምህሩ፤
ከዚያ የመምህሩ መምህር፤ ሦስቱም በቀይ ተደረደሩ።
ጠጉር ነበር የሚፍቀው አባቴ ከብራና፤
እኔ የሰው ስም ፋቅሁ፣ ቀን በቀን፣ በጤና።

ከእሑድ ጀምሮ ዲስኩ ላይ ስም እጽፋለሁ። ዋጋው ያው አምስት።
«አሁንስ ስርቆት አይደለም?» ይላል ኢታይ፣ ቆሞ ከመዝጊያው ፊት።
እንጃ። መሳቢያዬ ውስጥ ለብቻዋ አንዲት አምስት ሸቀል አለች፤
ሱፐርማርኬቱ በር ድረስ ይዣት ሄጄ፣ ሁለቴ፣ ተመልሳለች።